የክሪፕቶግራፊ መጽሐፍ ልትመርጡ ከሆነ፣ መጀመሪያ እርሳስ የሚያስይዛችሁን ፈልጉ

ስለ ክሪፕቶግራፊ፣ ስለ ሚስጥር ጽሑፍ ጥበብ፣ ለመማር ብዬ የገዛሁት የመጀመሪያ መጽሐፍ ከ500 ገጽ በላይ ነበር። 30ኛው ገጽ አካባቢ ቆምኩ። መጽሐፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሒሳብ ለሚያጠኑ የተጻፈ፣ በዘርፉ የተከበረ መጽሐፍ ነው። እኔ ግን ሽፋኑ ላይ «መግቢያ» የሚል ቃል አየሁና ለጀማሪ መሰለኝ። አንድ የዕድል ስሌት መስመር ላይ ሦስት ምሽት አፈጠጥኩ። ከጎኑ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ መደርደሪያ ላይ ወጣ። «ይሄ ነገር የእኔ ጭንቅላት የሚችለው አይደለም» ብዬ ተውኩት።

አንድ ዓመት ሙሉ ነገሩን አልነካሁትም። ያ ዓመት እስካሁን ይቆጨኛል። ችግሩ ጭንቅላቴ ሳይሆን አመራረጤ ነበር። ለዚህ ነው አሁን ሰው «ስለ ኮድና ስለ ሚስጥር ጽሑፍ ማንበብ እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?» ሲለኝ ወዲያው ርዕስ የማልሰጠው። መጀመሪያ የምጠይቀው «አንብበህ ስትጨርስ ምን ማድረግ መቻል ነው የምትፈልገው?» ብዬ ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ዓይነት መጻሕፍት አሉ። አንዱ ታሪክ ይነግራችኋል። ማን ምን በሚስጥር ጻፈ፣ ማን ሰበረው፣ ከዚያስ ምን መጣ። ሌላው እናንተው ቁጭ ብላችሁ በወረቀትና በእርሳስ እንድትፈቱ ያደርጋል። ሦስተኛው ዛሬ ስልካችሁ ውስጥ ያለው ምስጠራ እንዴት እንደሚሠራ በሒሳብ ያስረዳል። መደብር ውስጥም ኢንተርኔት ላይም ሦስቱ ተደባልቀው ነው የምታገኟቸው። ይባስ ብሎ «ክሪፕቶ» ብላችሁ ከፈለጋችሁ ግማሹ ስለ ቢትኮይን መግዛትና መሸጥ የሚያወራ ይሆናል። እሱ ሌላ ነገር ነው። ስትፈልጉ «ክሪፕቶግራፊ» ወይም «ክሪፕታናሊሲስ» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ። የመጀመሪያው ሚስጥር የመጻፍ ጥበብ ነው፣ ሁለተኛው የመስበር።

እኔን ወደ ነገሩ የመለሰኝ በ1999 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የሳይመን ሲንግ «ዘ ኮድ ቡክ» ነው። ታሪክ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ የሚያገኝ አይመስለኝም። ሒሳቡን ሳይሸሽ፣ ግን ሳያስፈራ ያስረዳል። የሚጀምረው በስኮትላንዷ ንግሥት በሜሪ ነው። ሜሪ እስር ላይ ሆና በ1586 የእንግሊዟን ንግሥት ለመግደል ከሚያሴሩ ሰዎች ጋር በኮድ ትጻጻፍ ነበር። ደብዳቤዎቹ በቢራ በርሜል ተደብቀው ይገቡና ይወጡ ነበር። የእንግሊዝ ሰላዮች እያንዳንዱን ይከፍቱታል፣ ቶማስ ፌሊፕስ የሚባለው ኮድ ሰባሪ ይፈታዋል፣ ከዚያ ታሽጎ መንገዱን ይቀጥላል። እሷ ሚስጥሯ የተጠበቀ መስሏት ሁሉንም ጻፈች። በ1587 አንገቷ ተቀላ። ደካማ ኮድ ከነጭራሹ ኮድ ካለመኖሩ የከፋ እንደሆነ እዚህ ታሪክ ላይ ነው የገባኝ። ኮድ ባይኖራት ኖሮ ሜሪ ተጠንቅቃ ትጽፍ ነበር።

መጽሐፉን በአራት ቀን ጨረስኩት። ላገኘሁት ሰው ሁሉ ታሪኩን አወራሁ። አንድ መስመር ኮድ ቢሰጡኝ ግን ከየት እንደምጀምር አላውቅም ነበር።

ስለ ሌላው ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ፣ ስለ ዴቪድ ካን «ዘ ኮድብሬከርስ» አጠር አድርጌ ልናገር። ከ1000 ገጽ በላይ ነው። ድንቅ ሥራ ነው፤ ግን ለመጀመሪያ አይሆንም። ከገዛችሁ ደግሞ እትሙን እዩ። መጀመሪያ የታተመው በ1967 ነው። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሌችሊ ፓርክ ውስጥ የሠሩት ኮድ የመስበር ሥራ በሰፊው ለሕዝብ የተነገረው ግን በ1970ዎቹ ነው። ስለዚህ የድሮው እትም ትልቁን ታሪክ ሊነግራችሁ አይችልም። በ1996 የታደሰ እትም አለ፣ እሱን ፈልጉ።

አሁን ወደ እርሳሱ ልምጣ።

አንድ ጓደኛዬ ከእንግሊዝኛ ጋዜጣ አንድ አንቀጽ ቀዳና እያንዳንዱን ፊደል በሌላ ተክቶ ሰጠኝ። 300 ያህል ፊደል ይሆናል። በቃላት መካከል ያለውን ክፍተት አልነካውም። ሲያዩት ተስፋ ያስቆርጣል። 26 ፊደሎችን መለዋወጥ የሚቻልበት መንገድ ብዛት 27 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው፣ ሁሉንም ልሞክር ለሚል ዕድሜ አይበቃም። መቁጠር ግን ማንም ይችላል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ከ100 ፊደል 12 ወይም 13ቱ ኢ ነው፣ 9 ያህሉ ደግሞ ቲ። ወረቀት ላይ 26 መስመር አሰመርኩና በየመስመሩ ጭረት እያደረግኩ ቆጠርኩ። አንዱ ምልክት 37 ጊዜ መጣ። ከ300 ውስጥ 37 ማለት ከመቶ 12 ትንሽ ያልፋል። ኢ መሆን አለበት አልኩ።

ቀጥዬ በዚሁ ምልክት የሚያልቅ ባለ ሦስት ፊደል ቃል ፈለግኩ። አምስት ቦታ ላይ ያው ቃል አለ። በእንግሊዝኛ እንደዚህ የሚመላለስ ቃል «ዘ» ነው፣ ቲ፣ ኤች፣ ኢ። በአንድ ጊዜ ሦስት ፊደል ያዝኩ። ከዚያ አንድ ባለ አራት ፊደል ቃል ዓይኔ ገባ። በቲ ይጀምራል፣ ሁለተኛው ኤች ነው፣ ሦስተኛውን አላውቀውም፣ በቲ ያልቃል። «ዛት» ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? ስለዚህ ሦስተኛው ኤ ነው። ሌላ ባለ አራት ፊደል ቃል በቲና በኤች ያልቃል፣ «ዊዝ» ይሆን ወይስ «ቦዝ»? ሁለቱንም በእርሳስ ሞከርኩ። አንዱ ሌላ ቦታ ላይ ትርጉም የሌለው ቃል ፈጠረ፣ አጠፋሁት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ እኩለ ሌሊት ላይ ሙሉ አረፍተ ነገር ከወረቀቱ ላይ ሲነሳ አየሁ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ስለ ምርጫና ስለ ታክስ የሚያወራ ተራ የጋዜጣ አንቀጽ ነበር። ለእኔ ግን ያን ሌሊት ከየትኛውም ልቦለድ በለጠብኝ።

ይህን ዘዴ በጽሑፍ ያስቀመጠ ከሚታወቁት ሁሉ ቀዳሚው ባግዳድ የሠራው አል ኪንዲ ነው፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን። የተቆጠረው የዓረብኛ ፊደል ነበር። በአማርኛም ሞክሩት፣ ትወዱታላችሁ። የእኛ ፊደል ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ከ200 በላይ ምልክት ስላለው በ300 ፊደል ጽሑፍ ውስጥ ብዙዎቹ አንዴም አይመጡም፣ ቁጥሩ ይሳሳል። እኔን የረዳኝ ከቁጥሩ ይልቅ ቦታው ነው። ቃል መጀመሪያ ላይ የ፣ በ እና ለ ይመላለሳሉ። ከአራት ነጥብ በፊት ባለ ሁለት ፊደል ቃል ካያችሁ ደግሞ «ነው»ን ሞክሩ።

ለዚህ ዓይነት ሥራ እስከዛሬ የምመልስበት መጽሐፍ የሄለን ፉሼ ጌይንስ «ክሪፕታናሊሲስ» ነው። በ1939 ነው መጀመሪያ የወጣው። ቋንቋው ያረጀ ነው፣ አገላለጹም አንዳንዴ ደረቅ። ግን በየምዕራፉ የምትሰብሩት ኮድ አለ፣ መልሱም መጨረሻ ላይ አለ፣ የፊደል ድግግሞሽ ሰንጠረዦችም አሉት። 1939 ለዚህ ጉዳይ አርጅቷል አይባልም። ፊደል መቁጠር ዛሬም ያው ፊደል መቁጠር ነው። ትንሽ ሒሳብ የሚወድ ሰው ደግሞ በ1960ዎቹ የታተመውን የአብርሃም ሲንኮቭን «ኤለመንተሪ ክሪፕታናሊሲስ» ይወደዋል። ሲንኮቭ በጦርነቱ ጊዜ ለአሜሪካ ኮድ ይሰብር የነበረ የሒሳብ ሰው ነው። «ዘ ኮድ ቡክ»ን የያዛችሁ ከሆነ ደግሞ መጨረሻው ላይ እየከበዱ የሚሄዱ 10 ኮዶች አሉ። አንድ የስዊድን ቡድን በ2000 ሁሉንም ፈትቶ ሽልማቱን ወስዷል። ኮዶቹ ግን አሁንም እዚያው ናቸው፣ የመጀመሪያው ደግሞ ለጀማሪ አይከብድም።

እርሳስ የሚያስይዝ መጽሐፍ ይቅደም የምለው ለሌላም ምክንያት ነው። ጥቂት ወራት እንደተማርኩ የራሴን ኮድ ሠራሁ። በአማርኛ፣ ሁለት ሰንጠረዥ ያለው፣ በየአምስት ፊደሉ ቁልፉ የሚቀያየር። ማንም እንደማይሰብረው እርግጠኛ ነበርኩ። አምስት መልእክት ጽፌ ለዚያው ጓደኛዬ ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ።

«አንተ እኮ ሁሌ በሰላምታ ነው የምትጀምረው» አለኝ።

እውነቱን ነው። አምስቱም መልእክቶቼ በ«ሰላም ነው» ነበር የሚጀምሩት። ከዚያች ቃል ተነስቶ ሰንጠረዦቼን አንድ በአንድ አወጣቸው። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መልእክት ስለሚመሰጥሩበት ማሽን፣ ስለ ኢኒግማ፣ አስቀድሜ አንብቤ ነበር። የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

የጀርመኖቹ ኢኒግማ ማሽን ወደ 159 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን የሚጠጋ የቁልፍ አቀማመጥ ነበረው። ያን ሁሉ ማን ይሞክራል? ኮድ ሰባሪዎቹ መልእክቱ ውስጥ ሊኖር የሚችል ቃል ይገምቱ ነበር። ለምሳሌ የአየር ሁኔታ ዘገባ ከሆነ «ቬተር» የሚለው የጀርመንኛ ቃል አይቀርም። ማሽኑ ደግሞ አንድ ጉድለት ነበረው። የትኛውንም ፊደል በራሱ በፊደሉ አይተካም። ይህን በወረቀት ሞክሩት። ሁለት ቀጭን ወረቀት ቆርጣችሁ አንዱ ላይ የተመሰጠረውን መስመር፣ ሌላው ላይ በጀርመንኛ ስድስት ፊደል ያለውን «ቬተር» ጻፉ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ሥር እያንሸራተታችሁ እዩ። የትኛውም ቦታ ላይ ከላይና ከታች አንድ ዓይነት ፊደል ከተገናኘ ቃሉ እዚያ ሊሆን አይችልም። ስድስት ፊደል ሲንሸራተት ከአምስት ቦታ አንዱ ያህል ይወድቃል፣ የገመታችሁት ቃል በረዘመ ቁጥር ደግሞ የሚወድቀው ይበዛል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው አለን ቱሪንግ ኢኒግማን ለመስበር የነደፈው ማሽን የሚነሳው ከእንዲህ ዓይነት ግምት ነበር።

መጽሐፍ ለመመዘንም ኢኒግማ ይጠቅመኛል። ስለ ኢኒግማ የሚያወራ መጽሐፍ ሳገኝ መጨረሻው ላይ ያለውን የስም ማውጫ እከፍትና ማሪያን ሬየቭስኪ የሚለውን እፈልጋለሁ። ፖላንዳዊ የሒሳብ ሰው ነው፣ የማሽኑን ውስጣዊ አሠራር በ1932 በሒሳብ ያወጣው እሱ ነው። ፖላንዶቹ ያወቁትን ሁሉ ለእንግሊዞችና ለፈረንሳዮች ያስረከቡት ደግሞ ጦርነቱ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ በሐምሌ 1939 ነው። ስሙ ከሌለ መጽሐፉን መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ይህን የዘለለ ደራሲ ሌላም መዝለሉ አይቀርም።

ሦስተኛው ዓይነት መጽሐፍ፣ የዛሬው ምስጠራ፣ ሒሳብ ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ነው፣ እኔም መጀመሪያ ላይ የቀረሁት እዚህ ነበር። ግን መግቢያው እንደሚወራው አይደለም። የሰዓት ሒሳብ ነው። ከ10 ሰዓት ላይ 5 ሰዓት ብንጨምር 15 አንልም፣ 3 ሰዓት እንላለን። ለ12 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ ማለት ነው። ይህን ከያዛችሁ አርኤስኤ የሚባለውን፣ በ1977 የተፈለሰፈውንና ኢንተርኔትን ለአሥርተ ዓመታት የጠበቀውን ዘዴ በትንሽ ቁጥር ወረቀት ላይ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

እኔ እንዲህ ነበር የሠራሁት። ሁለት ፕራይም ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉ) ያዝኩ፣ 3 እና 11። ሲባዙ 33። የአደባባይ ቁልፌ 33 እና 3 ነው፣ ማንም ይወቀው። የሚስጥር ቁልፌ 7 ነው፣ እሱን ለማንም አልናገርም። መልእክቱ 4 ቁጥር ይሁን። ላኪው 4ን ሦስት ጊዜ ያባዛዋል፣ 4 ጊዜ 4 ጊዜ 4፣ 64። ለ33 ሲያካፍል ቀሪው 31 ነው፣ 31ን ይልክልኛል። እኔ 31ን ሰባት ጊዜ እያባዛሁ በየጊዜው ለ33 አካፍዬ ቀሪውን እይዛለሁ። መጨረሻ ላይ ምን ቀረ? 4። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሠራሁት። ቁልፉን አደባባይ አውጥተህ መልእክቱ ግን ሚስጥር ሆኖ ይቀራል የሚለውን ቃል ብቻ ሳነብ አላመንኩም ነበር፣ ያቺን 4 በእጄ ሳገኛት አመንኩ። እርግጥ 33ን ማንም 3 ጊዜ 11 ብሎ ይበትነዋል። እውነተኛው ቁጥር ከ600 በላይ አሃዝ አለው፣ ጥበቃው የሚመጣውም ያንን የሚበትን ኮምፒውተር ስለሌለ ነው።

እንዲህ ዓይነት ትንንሽ ቁጥር ሠርቶ የሚያሳይ መጽሐፍ ምረጡ። የክሪስቶፍ ፓር እና የያን ፔልዝል «አንደርስታንዲንግ ክሪፕቶግራፊ» ለእኔ ያደረገው ይህንን ነው። ተማሪን አክብሮ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። በየምዕራፉ መልመጃ አለው፣ ፓር ክፍል ውስጥ ያስተማራቸው ቪዲዮዎችም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ። አንድ ምዕራፍ አንብቤ፣ ቪዲዮውን አይቼ፣ መልመጃውን እሠራለሁ። ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ የዣን ፊሊፕ ኦማሶን «ሲሪየስ ክሪፕቶግራፊ» ይሻላችኋል። ሒሳቡ ቀለል ያለ ነው፣ ሰው በሥራ ላይ የሚሳሳትባቸውን ነገሮች በየምዕራፉ መጨረሻ ያሳያል። የሁለቱም አዲስ እትም በ2024 ወጥቷል።

በዚህኛው ዓይነት የታተመበት ዓመት ትልቅ ጉዳይ ነው። በታሪክ መጽሐፍ 20 ዓመት ምንም አይደለም፣ እዚህ ግን ሊያሳስት ይችላል። የብሩስ ሽናየር «አፕላይድ ክሪፕቶግራፊ» ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ዝነኛ መጽሐፍ ነው፣ ሁለተኛው እትም የ1996 ነው። ዛሬ በየመሣሪያው ያለው ኤኢኤስ የሚባለው የምስጠራ ዘዴ ግን መስፈርት የሆነው በ2001 ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ውስጥ ልታገኙት አትችሉም። ለማወቅ ያህል አንብቡት፣ ከሱ ቀድታችሁ ግን ፕሮግራም አትሥሩ። እኔ መጽሐፍ ሳገላብጥ ኤምዲ5 እና ሻ 1 የሚሉትን፣ ለአንድ ፋይል አጭር አሻራ የሚያወጡ ሁለት የድሮ ዘዴዎች፣ ፈልጌ ምን እንደሚል አያለሁ። ሁለቱም ተሰብረዋል፣ የሻ 1 መሰበር በ2017 በተግባር ታይቷል። ደራሲው «አስተማማኝ ናቸው» ካለ ጊዜው አልፎበታል። አርኤስኤን የመሰሉ ዘዴዎችን ሊሰብር ይችላል የሚባለውን ኳንተም ኮምፒውተር እንዲቋቋሙ የተዘጋጁት የመጀመሪያ የአሜሪካ የምስጠራ መስፈርቶች በነሐሴ 2024 ወጥተዋል፣ ስለነሱ የሚናገር ካገኛችሁ ደግሞ ትኩስ ነው።

አንድ ተጨማሪ ማጣሪያ አለኝ። ኦገስት ኬርክሆፍስ የሚባል ሰው በ1883 የጻፈው ሐሳብ አለ። ዘዴው በጠላት እጅ ቢገባ እንኳን ቁልፉ እስካልታወቀ ድረስ ሚስጥሩ መጠበቅ አለበት። መጽሐፉ ይህን ካላስተማረ፣ ከዚያም ብሶ ደራሲው «ማንም የማያውቀው የራሴ ዘዴ» ብሎ የሚያሻሽጥ ከሆነ ተዉት። የእኔ ሁለት ሰንጠረዥ ኮድም ማንም የማያውቀው ነበር።

ኪሳችሁ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ጊዜያችሁም ትንሽ ከሆነ፣ መልመጃና መልስ ያለውን ግዙ። ታሪኩን ከቤተ መጻሕፍት ተውሳችሁ ታነባላችሁ። የምትሰብሩት ኮድ ግን አጠገባችሁ ሆኖ ሊያሰነብታችሁ ይገባል። መጽሐፉ ላይ በእርሳስ ጻፉበት፣ አታዝኑለት። መልሱን ቶሎ አትክፈቱ። እኔ አንድ ኮድ ቢያንስ ሁለት ምሽት ሳልይዘው መልስ አላይም። አንዳንዱ እንቅልፍ ወስዶኝ ስነቃ ነው የተፈታልኝ። ልጅ ካላችሁ አብራችሁ ሥሩ፣ ፊደል መቁጠር ከአሥር ዓመት ልጅ አቅም በላይ አይደለም፣ ቃሉን ቀድመው የሚያዩትም ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

ያን የመጀመሪያውን ወፍራም መጽሐፍ አልሸጥኩትም። ከሁለት ዓመት በኋላ አወረድኩት። በእርሳስ የጥያቄ ምልክት ያደረግኩበትን መስመር አገኘሁት። የሚለው ነገር ቀላል ነው፦ የተመሰጠረውን ጽሑፍ ማየት ስለ መልእክቱ ከዚህ በፊት ከምታውቀው የበለጠ ምንም ሊነግርህ አይገባም። ጓደኛዬ «ሰላም ነው»ን የያዘብኝን ቀን አስታወስኩና መስመሩ ወዲያው ገባኝ። አሁን ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ። በሳምንት ሁለት ገጽ ብሄድ ነው፣ አጠገቡም ሌላ የጥያቄ ምልክት አለ።